በኪስ ያለ መሣሪያ

በጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ መሐል በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ስማይርና ስሟን ያገኘችው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ይህችን ስም የሚያውቃት ሰምርኔስ ብሎ ነው፤ በዮሐንስ ራእይ መልእክት ከተጻፈላቸው ሰባት አብያተ ክርስቲያናት የአንዷ መገኛ፣ ዛሬ ኢዝሚር የምትባለው የቱርክ ወደብ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሜቶዲስት ምእመናን በጆርጂያ ጫካ ውስጥ የጉባኤ ሰፈር ሲተክሉ ስሙን ለሰፈሩ ሰጡት፤ በ1872 ከተማ ሆና ስትመዘገብም ስሙ ጸና። (ዓመታቱ በሌላ ካልተገለጸ በቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማይቱ ለስለትም ሆነ ለጥይት ታሪክ እንግዳ አይደለችም። የኦስትሪያው ሽጉጥ አምራች ግሎክ ከ1985 ጀምሮ የአሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገው በስማይርና ነው። ከወሰኗ አጠገብ በሚገኘው በኮብ ጋለሪያ የስብሰባ ማዕከል ደግሞ፣ ወደ አትላንታ መሐል እስከተዛወረበት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ፣ ብሌድ ሾው የተባለው ታላቅ የቢላዋ ዐውደ ርእይ በየዓመቱ በጁን ወር ሲካሄድ ቆይቷል። አንጥረኞች፣ ሰብሳቢዎችና ነጋዴዎች ከዓለም ዙሪያ የሚገናኙበት ገበያ ነው። ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በዚያው በኮብ ካውንቲ፣ ኬኒሶ የተባለችው ከተማ እያንዳንዱ አባወራ የጦር መሣሪያ በቤቱ እንዲያኖር የሚያዝ ደንብ በ1982 አውጥታለች።

በእነዚህ ሁሉ መካከል ከሁሉ የሚያንሰውና ከሁሉ የቆየው ስለት በአረጋውያን ሱሪ ኪስ ውስጥ ያለው ሰንጢ ነው። ቁልፍ የለውም፣ በአዝራር አይፈነጠርም፤ በጥፍር ተጎትቶ ይከፈታል፣ በመዳፍ ተገፍቶ ይታጠፋል። በደቡባዊ አሜሪካ ገጠር ያደገ ሰው ብርቱካን የሚልጥበት፣ ገመድ የሚቆርጥበት፣ የተላከለትን ካርቶን የሚከፍትበት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እንጨት የሚቀርጽበት ነው። ሲወጣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ይኸው ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ቢወጣ ግን አጠገብ የተቀመጠው ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ መሳቡ አይቀርም።

የልዩነቱ ምክንያት ከብረቱ ውስጥ አይገኝም። አማርኛ ራሱ ችግሩን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይዞታል። «መሣሪያ» ማለት መሥሪያ ነው፤ ከሠራ የወጣ ቃል፣ የአናጢውም የሐኪሙም ዕቃ። ሆኖም «መሣሪያ ይዟል» ሲባል መጋዝ ወይም መዶሻ የሚያስብ ሰማዒ የለም። አንድ ዕቃ ከመሥሪያነት ወደ ጦር መሣሪያነት የሚሻገረው የት ላይ ነው? የጆርጂያ ሕግ ይህን ጥያቄ ከ180 ዓመታት በላይ ሲያገላብጠው ኖሯል፤ ኢትዮጵያውያን ደግሞ መልሱን ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ ከልማድ ፈልገዋል።

አስቀድሞ ዕቃው ራሱ ይታይ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስሊፕ ጆይንት ይሉታል። በእጀታው ጀርባ ላይ ጠፍጣፋ ሞላ ተዘርግቷል። ሞላው የስለቱን ሥር ይጫናል፤ ሥሩ ጠፍጣፋ ገጽ እንዲኖረው ተደርጎ ስለተሞረደ ሞላው በዚያ ገጽ ላይ ሲያርፍ ስለቱ ባለበት ይረጋል። ጥፍር ለእሷ በተቆፈረችው ጎድጓዳ ገብታ ስትጎትት ሞላው ይለጠጣል፣ ስለቱ ይነሣል፣ መጨረሻ ላይ «ቀጭ» ብሎ ይቆማል። ሰብሳቢዎች የአንድን ሰንጢ ጥራት በዚህ ድምፅ ይመዝናሉ፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ሞላው ደክሟል ወይም ሥራው ጥንቃቄ ጎድሎታል። ዋናው ነገር ግን ስለቱን የያዘው የሞላው ግፊት ብቻ መሆኑ ነው። ከጀርባው በኃይል ቢገፋ ይታጠፋል። ስለዚህ በዚህ ሰንጢ ሰው ልውጋ ያለ በመጀመሪያ የራሱን ጣት አደጋ ላይ ይጥላል። ሠሪዎቹ ይህን ያሰቡት ለሰላም ሲሉ አይደለም፤ ርካሽና ቀላል ስለሆነ ነው። ይሁንና ይህ ድክመት በኋላ ላይ የዕቃው የሕግ መታወቂያ ሆነ።

የሚታጠፍ ቢላዋ ጥንታዊ ነው፤ ሮማውያንም ነበራቸው። የእነርሱ ግን ሞላ አልነበረውም፣ ስለቱ የሚቆመው በመጋጠሚያው ጥብቀት ብቻ ነበር። ባለ ሞላው ሰንጢ የተስፋፋው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ በእንግሊዝ ከተማ በሼፊልድ ነው። ሼፊልድ በ1624 በፓርላማ ሕግ የተቋቋመ የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር ነበራት። ሥራው ለብዙ እጆች የተከፋፈለ ነበር፦ አንዱ ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ይስላል፣ ሦስተኛው ገጣጥሞ ያጠናቅቃል። ከሁሉ የከፋው ዕጣ የሳዩ ነበር። የአሸዋ ድንጋይ መሳያው ሲሽከረከር የሚያነሣው ብናኝ ሳንባን ስለሚበላ፣ በተለይ ያለ ውኃ በደረቅ ድንጋይ የሚስሉት በለጋ ዕድሜያቸው ይሞቱ ነበር፤ የዘመኑ ሐኪሞች ሕመሙን በሙያው ስም ጠርተውታል። በርካሽ የሚሸጥ የልጆች ሰንጢ ዋጋ ውስጥ ይህም ተቆጥሮ ነበር።

ከሼፊልድ ሰንጢዎች አንዱ፣ ባርሎው በተባሉ ሠሪዎች ስም የሚጠራው፣ አትላንቲክን ተሻግሮ የአሜሪካ ልጅነት ምልክት ሆነ። ማርክ ትዌይን በ1876 ባሳተመው የቶም ሶየር ታሪክ ውስጥ ቶም የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶችን በቃሉ በማጥናቱ ከአክስቱ ልጅ የሚቀበለው ሽልማት አሥራ ሁለት ሳንቲም ተኩል የሚያወጣ ባርሎው ነው። ዳዊት ደግሞ ከመምህሩ ምርቃት ለተቀበለ የቄስ ተማሪ የሽልማቱ ዓይነት እንግዳ ቢሆንም ነገሩ ባዳ አይሆንበትም። ሰንጢው የተሰጠው ለጎበዝ ልጅ ነው፤ የተሰጠውም አዋቂዎች እያዩት ነው።

በ1890 የወጣው የማኪንሊ ቀረጥ ሕግ ከውጭ በሚገባ ቢላዋ ላይ ከባድ ግብር ሲጥል የሼፊልድ ገበያ ተናጋ፣ የኒው ዮርክና የፔንሲልቬንያ ፋብሪካዎች በቦታው ገቡ። አጀማመሩን ከ1889 የሚቆጥረው ኬዝ እስከ ዛሬ ድረስ በብራድፎርድ፣ ፔንሲልቬንያ፣ በዚያው በአሮጌው ስልት ይሠራል፤ ከ1993 ጀምሮ ባለቤቱ የላይተር አምራቹ ዚፖ ነው። ከእኩዮቹ ሽሬድ በ2004፣ ካሚለስ በ2007 ተዘግተዋል። ኬዝ ለእጀታ የሚጠቀምበት አጥንት የብራዚል ዜቡ ከብቶች ቅልጥም መሆኑን ሲሰማ የኢትዮጵያ አንባቢ ፈገግ ሊል ይችላል፦ ዜቡ ማለት ሻኛ ያለው ከብት ነው። ሻኛው የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሕዝብ ቅልጥሙ የት እንደሚደርስ አላሰበም ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ። በዲሴምበር 25 ቀን 1837፣ በገና ዕለት፣ የጆርጂያ ምክር ቤት ገዳይ መሣሪያዎችን መያዝና መሸጥ የሚከለክል ሕግ አጸደቀ። ዘመኑ የቦዊ ቢላዋ ፍርሃት የነገሠበት ነበር። ጄምስ ቦዊ በ1827 በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በአንድ የአሸዋ ደሴት ላይ በተነሣ ጠብ ቆስሎ ሳለ በትልቅ ቢላዋ ባላጋራውን ከገደለ በኋላ ስሙ ገነነ፤ በ1836 በአላሞ ሲሞትም አፈ ታሪክ ሆነ። ሼፊልድ ወዲያው በስሙ ቢላዋ እየሠራች ወደ ደቡብ ትልክ ጀመር። በ1837 አላባማ በቦዊ ቢላዋ ላይ መቶ ዶላር ግብር ጣለች፤ ቴኔሲ በ1838 ሽያጩን ከለከለች። ጆርጂያም ከእነዚህ ጋር ነበረች።

የጆርጂያው ሕግ አስደናቂ ነገር የከለከለው ሳይሆን የለየው ነው። የከለከለው ቦዊንና «ለማጥቂያ ወይም ለመከላከያ መሣሪያነት እንዲያዙ» ተሠርተው የሚሸጡ ቢላዋዎችን ነበር፤ ከእነርሱም ጋር ሽጉጥን፣ ጩቤን፣ በከዘራ ውስጥ የተሸሸገ ሰይፍን። መለኪያው ርዝመት ወይም ስለት አይደለም፤ የተሠራበት ዓላማ ነው። ብርቱካን መላጫው በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስሙ አልተጠራም፤ አለመጠራቱም ነፃነቱ ነበር።

ሕጉ ለማን ይከላከል እንደነበር መርሳት አይገባም። ስማይርና የምትገኝበት ኮብ ካውንቲ የተቆረሰው በ1832 ከቸሮኪ ሕዝብ ምድር ሲሆን፣ ምክር ቤቱ የዜጎችን ደኅንነት ለመጠበቅ ስለ ቢላዋ በተከራከረ በስድስተኛው ወር ገደማ ቸሮኪዎች በወታደር ታፍሰው ወደ ምዕራብ ተሰደዋል። የሕጉ «ዜጋ» እነርሱንም ሆነ በባርነት የተያዙትን ጥቁሮች አይጨምርም ነበር።

ከ9 ዓመታት በኋላ፣ በ1846፣ ገና አንድ ዓመት የሞላው የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሃውኪንስ ነን የተባለ ሰው ሽጉጥ በመያዙ የተፈረደበትን ጉዳይ መረመረ። ዳኛ ጆሴፍ ሄንሪ ለምፕኪን የጻፈው ውሳኔ ሕጉን ለሁለት ከፈለው፦ ሸሽጎ መያዝን የሚከለክለው ክፍል ጸንቷል፤ በግልጽ መያዝን የሚከለክለው ግን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ተብሎ ፈርሷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 በሄለር ጉዳይ ላይ ሲወስን ይህን የጆርጂያ ውሳኔ በምስክርነት ጠቅሶታል። የአሜሪካ የጠመንጃ ክርክር ከሚቆምባቸው ምሰሶዎች አንዱ ስለዚህ በቢላዋ ፍርሃት ከተወለደ ሕግ የተገኘ ነው። ሽጉጡ በቢላዋው ጀርባ አለፈ ማለት ይቻላል፤ ቢላዋው ግን ወደ ኋላ ቀረ።

ወደ ኋላ መቅረቱ በቁጥር ይታያል። በ2010 ጆርጂያ ሕጉን ስታሻሽል «ቢላዋ» የሚለውን ቃል ለማጥቂያና ለመከላከያ የተሠራ፣ ስለቱ ከ5 ኢንች (12.7 ሴንቲሜትር) የሚበልጥ በማለት ተረጎመችው፤ ከዚያ በታች ያለው ፈቃድ አያስፈልገውም። በ2012 ከተሞችና ካውንቲዎች የየራሳቸውን የቢላዋ ደንብ እንዳያወጡ ተከለከሉ፤ በዚህም ከስማይርና ወደ አትላንታ በመኪና የሚሄድ ሰው የአምስት ከተማ ሕግ በኪሱ ይዞ ከመጓዝ ዳነ። በ2017 ደግሞ ልኩ ወደ 12 ኢንች ከፍ አለ። ማለት፣ ከእጅ ክንድ ጥቂት የሚያንስ ስለት ዛሬ በጆርጂያ ጎዳና ላይ ያለ ፈቃድ ይያዛል። ከ1837ቱ ሕግ አንድ ሐረግ ግን አልጠፋም፦ ለማጥቂያና ለመከላከያ የተሠራ። አሁንም የሚጠየቀው ዕቃው ለምን ተሠራ የሚለው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ጥያቄ የሚመለሰው በስም ነው። አማርኛ ስለትን በግብሩ ለይቶ ይጠራል። ጎራዴና ሾተል የጦረኛ ናቸው፤ ጩቤ የጠብ ነው። ቢላዋ የወጥ ቤት ነው፤ ምላጭ የጢም፣ የጸጉርና የተማሪ እርሳስ ነው። ካራ ከሁሉ ሰፊ ግዛት አለው፦ ያርዳል፣ ሥጋ ይበልታል፣ ቆዳ ይገፍፋል። ቁርጥ የሚበላ ሰው ሥጋውን በጥርሱ ይዞ ከከንፈሩ ሥር በስለት ሲቀነጥስ ላየ ባዕድ ነገሩ አስፈሪ ነው፤ ለበላተኛው ግን በአንድ ማዕድ ዙሪያ ስለት የያዙ ሰዎች መቀመጣቸው የመተማመን ምልክት ነው።

በካራ ላይ ሥርዓት አለ። የሚያርደው ባርኮ ያርዳል፤ ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ። በልማድ የሚያርደው ወንድ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ቤቷ ወንድ የሌለ ሴት ዶሮዋን ይዛ ደጅ ትቆምና የሚያልፈውን «ባርክልኝ» ትለዋለች። የማያውቃት ሰው ገብቶ አርዶ፣ ምርቃት ተቀብሎ ይሄዳል። ይህ ትንሽ ትዕይንት ስለ ስለት ማኅበራዊ ኑሮ ብዙ ይናገራል፦ ካራው የቤቱ ነው፣ እጁ የእንግዳው ነው፣ ፈቃዱ የሃይማኖቱ ነው። ማንም ካራ ይዞ መንገድ ለመንገድ አይዞርም፤ መሄድም አያስፈልገውም፤ ሥራው ያለበት ቤት ካራውም አለ።

ከዚህ የተለየ፣ ስለቱን ከጎኑ የማይለይ አንድ ሰው ነበር፤ ቁም ጸሐፊው። ብርዑን ከመቃ ቀርጾ የሚያሾለው፣ ጫፉ በደነዘ ቁጥር የሚያድሰው፣ ብራናው ላይ የተሳሳተውን ፊደል ፍቆ የሚያጠፋው በትንሽ ስለት ነው። በአውሮፓም ነገሩ ይኸው ነበር። የገዳም ጸሐፊዎች በቀኝ እጃቸው የላባ ብዕር፣ በግራቸው ትንሽ ቢላዋ ይዘው ተሥለው ይታያሉ፤ እንግሊዝኛ ትንሹን የኪስ ሰንጢ እስከ ዛሬ ፔንናይፍ፣ የብዕር ቢላዋ፣ የሚለው ከዚያ የተነሣ ነው። ከሁለቱም የቀደመ ምስክር በትንቢተ ኤርምያስ 36ኛ ምዕራፍ አለ፦ ንጉሥ ኢዮአቄም የነቢዩን ጥቅልል በጸሐፊ ስለት እየቆረጠ ወደ እሳት ይጥለዋል። ብርዕ ማስተካከያው መጽሐፍ ማጥፊያ ሆነ። ዕቃው አልተለወጠም፤ የያዘው እጅ እንጂ።

እንግዲህ ሰንጢ ከዚህ ሁሉ መካከል ቤት አጣ። የሚታጠፍ በመሆኑ የወጥ ቤት አይደለም፤ ትንሽ በመሆኑ የማረጃ አይደለም፤ ተማሪው ርካሹን ምላጭ መረጠ። የቀረለት ባሕርይ መታጠፉ፣ ማለትም መደበቁ ነው። በከተማ አማርኛ ሰንጢ የዱርዬ ዕቃ ተብሎ ተፈረደበት፤ ከኪስ የሚወጣ ስለት ማለት ለክፉ የተዘጋጀ እጅ ማለት ሆነ። በሆቴል፣ በባንክና በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ያለው ፈታሽ ኪስ ሲዳብስ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። አሜሪካም ተመሳሳይ ወቅት አልፎባታል፤ በ1950ዎቹ በአዝራር የሚፈነጠረው ሰንጢ የወሮበላ ወጣቶች ምልክት ተደርጎ በፊልምና በመድረክ ሲታይ ኮንግረስ በ1958 በክልሎች መካከል እንዳይነገድ ከለከለው። ነገር ግን አሜሪካኖች ባለ አዝራሩን ሲኮንኑ ባለ ሞላውን የአያት ሰንጢ አልነኩትም። አዲስ አበባ ይህን ልዩነት የምታደርግበት ምክንያት አልነበራትም፤ አያቶች ሰንጢ አልያዙምና።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ከስለቱ ይልቅ ሠሪውን የሚመለከት። ሼፊልድ ቢላዋ ሠሪዎቿን በማኅበር አደራጅታ አስከበረች፤ ሳንባቸውን ባታድንም። ሰሜን ኢትዮጵያ ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ብላ ሸሸችው። በጎንደር አካባቢ ይህን ሥራ ከያዙት መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ማረሻውንም ካራውንም የሚሠሩላት ሰዎች ከማዕዷ የተገለሉ ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። ባለሙያው በማይከበርበት አገር የእጅ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የኪስ ቅርስ ሊሆን አይችልም። ይህ ሳይታይ «ኢትዮጵያውያን ሰንጢ የማይወዱት ሰላማዊ ስለሆኑ ነው» ማለት ራስን መሸንገል ነው፤ ጎራዴና ጠመንጃ የወንድነት ጌጥ በሆኑበት አገር ክርክሩ ከመነሻው አይቆምም።

የጆርጂያ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሰፈሩት ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ በክላርክስተንና በአካባቢዋ ነው፤ የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ከሱዳን መጠለያዎች የመጡት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ወደ ስማይርናና ወደ ኮብ ካውንቲ የሚሻገሩት ሥራና ቤት ተከትለው ነው። በአዲሱ ኑሮ ካራው ሥራ ፈታ፦ ዶሮው ተበልቶ፣ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ደጅ ቆሞ «ባርክልኝ» የሚል የለም። በምትኩ ብዙዎች በመጋዘን ሥራ ላይ ካርቶን መክፈቻ ስለት ይሰጣቸዋል፤ እርሱ የኩባንያው ነው፣ ፈረቃው ሲያልቅ ይመለሳል። የራስ የሆነ፣ በየቀኑ የሚያዝ ስለት የሚያጋጥማቸው ከጎረቤት ነው። በደቡብ ባህል ሰንጢ ስጦታ ነው፤ አያት ለልጅ ልጅ፣ ሽማግሌ ጎረቤት ለሰፈር ልጅ ይሰጣል። ተቀባዩም ስለቱ ወዳጅነትን እንዳይቆርጥ አንዲት ሳንቲም ይከፍላል፤ በስጦታ የመጣው እንደ ተገዛ ይቆጠር ዘንድ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለአሜሪካዊው ሽማግሌ ሰንጢውን መስጠት «አድገሃል፣ አምኜሃለሁ» ማለት ነው። ለኢትዮጵያዊቷ እናት ልጇ ሰንጢ ይዞ ሲገባ ማየት ሌላ ነገር ነው፤ የአዲስ አበባው ትርጉም ከእሷ ጋር ውቅያኖስ ተሻግሯል። ፍርሃቷን ኋላ ቀርነት አድርጎ መውሰድ ስሕተት ይሆናል፤ ሕጉ በአንድ በኩል ከእሷ ጋር ነውና። ጎዳና ላይ 12 ኢንች የፈቀደችው ጆርጂያ በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ስለቱ 2 ኢንች (5 ሴንቲሜትር) የሞላውን ማንኛውንም ቢላዋ በጦር መሣሪያነት ትመድበዋለች። እዚህ ለምን ተሠራ የሚል ጥያቄ የለም፤ ማስመሪያ ብቻ ነው። ፒነት፣ ኦቾሎኒ፣ የተባለው የኬዝ ትንሽ ሰንጢ ታጥፎ ከአዋቂ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ ትልቁ ስለቱ 2.1 ኢንች ነው። ቅዳሜ በረንዳ ላይ የተሰጠ ስጦታ ሰኞ በቦርሳ ውስጥ ተረስቶ ከተገኘ፣ የአንዲት ኢንች አንድ አሥረኛ የልጁን ስም በፖሊስ መዝገብ ላይ ልታሰፍር ትችላለች። ስማቸውና መልካቸው ቀድሞውኑ በጥርጣሬ ለሚታይ ልጆች ደግሞ ይቅርታው እኩል እንደማይከፋፈል ጥቁር ወላጆች ሁሉ ያውቃሉ። ስለዚህ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሽማግሌውም እናቲቱም። እሷ የምታነበው ሽማግሌው በልጅነቱ ሊያነበው ያላስፈለገውን የሕጉን ገጽ ነው።

ብሪታንያ ይህን ድንበር ከጆርጂያ ይልቅ በጠራ መስመር አስምራዋለች። የ1988ቱ የወንጀል ፍትሕ ሕግ በአደባባይ ስለት መያዝን ሲከለክል የሚታጠፍ የኪስ ሰንጢን፣ ስለቱ ከ3 ኢንች ካልበለጠ፣ ነፃ አደረገ። የሚቆለፈውስ? በ1990ዎቹ መጀመሪያ በታየው የሃሪስ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ሲከፈት የሚቆለፍ ሰንጢ «የሚታጠፍ የኪስ ሰንጢ» አይባልም ሲል ወሰነ፤ የሚታጠፍ ማለት በማንኛውም ቅጽበት ያለ ተጨማሪ አዝራር የሚታጠፍ ነው። የሼፊልዱ ደካማ ሞላ በዚህ ፍርድ ክብር አገኘ፦ ጣት ላይ ሊታጠፍ የሚችለው ሰንጢ ኪስ ውስጥ ሊቆይ የሚችለው ሰንጢ ሆነ።

አሜሪካም አንድ ጊዜ ወደዚህ ተጠግታ ነበር። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በፊት ስለቱ ከ4 ኢንች ያነሰ ቢላዋ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ይቻል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ታገደ። በማርች 2013 የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደሩ ኃላፊ ጆን ፒስቶል፣ ስለታቸው ከ6 ሴንቲሜትር ያልበለጠና የማይቆለፉ ትናንሽ ሰንጢዎች እንደገና ሊፈቀዱ መሆኑን አስታወቁ። የደንቡ ቃላት ሳያውቁት የአያቶችን ሰንጢ ሥለውታል። የበረራ አስተናጋጆች ማኅበራት ግን ተነሡ፤ በጠባብ ጓዳ ውስጥ ከተሳፋሪው ጋር የሚዘጋባቸው እነርሱ ናቸውና። ደንቡ በኤፕሪል ሊጀመር ሲል ተገታ፣ በጁን ተሰረዘ። ፍተሻ ላይ የሚተዉት ሰንጢዎች በአንዳንድ ግዛቶች በመንግሥት ትርፍ ንብረትነት ይሸጣሉ፤ ከእነዚህ አንዷ የኬዝ አገር ፔንሲልቬንያ ናት።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሜይ 2023 ከአዲስ አበባ ወደ አትላንታ መብረር ጀምሯል። በሃርትስፊልድ ጃክሰን አየር ማረፊያ በሚሰለፈው መንገደኛ መካከል፣ ሃያ ዓመት ጆርጂያ ኖሮ ከጎረቤቱ ልማዱን የወሰደ ሰው ሲኖር፣ ቀበቶውን ከማውለቁ በፊት ኪሱን ይዳብሳል። የሚያስታውስ ሰው ሰንጢውን ማታውኑ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ ለዘመድ በተገዛ ካልሲ ጠቅልሎ፣ ከመድኃኒቱና ከቫይታሚኑ መካከል ቀብሮታል። አዲስ አበባ ሲደርስ የእናቱ ቤት ጠረጴዛ ላይ ብርቱካን ይቀርባል፤ እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ከጓዳ ቢላዋ እንዲመጣለት ይጠይቃል።